ፊት የሚያሳይ ካሜራ

አቻምየለሽ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ቃሊቲ ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ይነግሯችኋል። ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ድንኳን ውስጥ አረፍ አትልም፤ ወይ ውሃ ታመላልሳለች፣ ወይ አግዳሚ ወንበር ታስተካክላለች። ልማዱ የመጣው ከፋብሪካ ነው። ገና በልጅነቷ አቃቂ ካሉት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጥራ ከሃያ ዓመት በላይ በሽመና ማሽኖች መሀል ስትመላለስ ኖራለች። ክር ወደተበጠሰበት መሮጥ፣ መቀጠል፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ። አንዱ ጋ ሲቆሙ ሌላው ይበጠሳል። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ወጣች፤ እግሯ ግን ከዚያ የወጣ አይመስልም።

ከወጣች በኋላ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ የስፌት ማሽን ተክላ ለአካባቢው ፋብሪካዎች ቱታና ጋዋን መስፋት ጀመረች። ሥራው ሰመረላት። ጨርቅ የምታመላልስበት አንዲት አሮጌ ቪትዝ መኪናም ገዛች። ባሏ ገብረጻድቅ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ፣ ንግግሩም እርምጃውም ዝግ ያለ ሰው ነው። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና እሱ ብቻ ናቸው።

ቤታቸው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ብዙም አይርቅም። ከመንገዱ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የመኪና መግቢያ ረጅምና ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የጎረቤት መጋዘን የቆርቆሮ አጥር፣ በሌላ በኩል የራሳቸው የብሎኬት ግንብ አለ። መጨረሻው ላይ ቪትዟ የምታድርበት ቆርቆሮ የለበሰ ጥላ ተሠርቷል። ውጭ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚያስታውሰውም የለም። የበረንዳው ቢጫ አምፖል ብርሃኑ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ይደርስና እዚያው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እስከ ውጭ በሩ ድረስ ያለው ጨለማ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ጠዋት ጨርቅ ልታመጣ ስትወጣ የቪትዟ ሁለቱም የጎን መስታወቶች፣ ስፖኪዮዎቹ፣ ተነቅለዋል። በቀኝም በግራም የተንጠለጠለ ሽቦ ብቻ ቀርቷል።

«ያለ ነገር ነው» አላት ገብረጻድቅ። «እዚህ ከተማ ውስጥ ስፖኪዮ ያልተሰረቀ ማን አለ?»

«ስፖኪዮው ይቅር። እዚህ ድረስ ገብቷል እኮ! እኛ ተኝተን ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ቆሞ ነበር።»

ገብረጻድቅ በማግስቱ የውጭ በሩን መቀርቀሪያ ቀይሮ ወፍራም ብረት አስበየደበት። ነገሩ በዚህ ይበቃል ብሎ ነበር። ለእሷ ግን አልበቃትም።

ጊዜውም ጥሩ አልነበረም። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ገና ብዙም አልቆየም፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ቤቱ ያደረ እንግዳን ስም እንኳ ለጎረቤት ለመናገር ያመነታል። በማረሚያ ቤቱ በኩል የሚያልፈው መንገድ ላይ የሚቆመው ወታደር በዝቷል። አቻምየለሽ ከማሽኗ እየተነሳች በመስኮት ታያለች። በሩን ቆልፋ ስትመለስ መቆለፏን ትጠራጠርና ደግማ ትሄዳለች።

ኅዳር ላይ ደግሞ ምልክቶች ማየት ጀመረች። ከቪትዟ ጀርባ፣ ግንቡ ሥር፣ ተዘርግቶ የተረገጠ ካርቶን አገኘች። ሌላ ጊዜ የብርቱካን ልጣጭ አየች፤ ተሰብስቦ በፌስታል ታስሯል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ መቀርቀሪያው እሷ ከተወችው ቦታ በግማሽ ተስቦ አገኘችው።

«ሰው እያደረ ነው» አለች።

«ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋስ ብርቱካን ልጦ ይበላል?»

ገብረጻድቅ ሳቀ። ሳቁ ግን የለመደችው ሳቅ አልነበረም። የዚያን ዕለት ካሜራ እንደሚያስፈልጋቸው ቆርጣ ተነሳች።

ስለ ካሜራ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሱቅ ለሱቅ መዞር ግን ትችልበታለች። ሳሪስ ወርዳ ያገኘችው ነጋዴ ካሜራው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው ሲነግራት ዋለ፤ ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚያሳይ ስትጠይቀው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበበላት። ሌላው ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ቀይ መብራት ብቻ የሚያበራ አስመሳይ ካሜራ አሳያት። «ሌባ ይህን አይቶ ይመለሳል» አላት። «እኔ ግን ይህን አይቼ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላው ወጣች። በየሱቁ አብሯት የሚዞረው ገብረጻድቅ በየደረሱበት ርካሹን ይመርጣል፤ እሷ ለገንዘባቸው የሚሳሳ መስሏት ነበር።

በመጨረሻ በእሱ ምርጫ ተስማሙ። ምስሉ የሚቀዳበት ሳጥን ያለው፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚገጠም አንድ ካሜራ ነው። ካርቶኑ ላይ «በጨለማ ሠላሳ ሜትር ያያል» ተብሎ ተጽፎበታል። የሚሰቀልበትንም ቦታ የመረጠው ገብረጻድቅ ነው። ከጥላው ጣሪያ ሥር፣ ከቆርቆሮው አጠገብ፣ ከፍ ብሎ ተሰቀለ።

ቀን ቀን ካሜራው ጥሩ ነበር። የጎረቤት ድመት ስታልፍ ጢሟ ሳይቀር ይታያል። ሲመሽ ግን ስክሪኑ በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጉም የመኪና መግቢያውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። አቻምየለሽ የሌሊቱን ቅጂ ጠዋት ጠዋት እየመለሰች ታያለች። ስታየው ብዙ ቀን ጉሙ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ግን፣ የዓርቡን ማምሻ ስትመልስ፣ ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሰፊ ነው። የሰው ትከሻ የማይመስል ሰፊ። ከውጭ በሩ በኩል መጣ፣ መሀል ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወደ መኪናዋ ጀርባ ሄዶ ጠፋ።

«ና እስቲ እየው» አለችው ባሏን።

ገብረጻድቅ መነጽሩን አድርጎ አየ። «ጉም ነው» አላት።

«ጉም እግር አለው?»

«ካሜራው ነው እንጂ የተበላሸው።»

«ሰው ነው። የተሸከመው ነገር አለ፤ ጆንያ ይሆናል።»

ካሜራው ሳይገዛ በፊት ፍርሃቷ መልክ አልነበረውም፤ አሁን ትከሻ አወጣ። ስፌት ላይ ተቀምጣ አይኗ ወደ መስኮት ይሄዳል። የአንድ ጋዋን እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ እስክትጨርሰው ድረስ አልታያትም። ሲመሽ መኪናዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥታ ትነካታለች። ገብረጻድቅ «እረፊ እንጂ አቻምዬ» ይላታል፤ እሷ ግን የሚያርፍ ሰው እንዴት እንደሚያርፍ አታውቅም።

ጥርጣሬዋ በጎረቤት መጋዘን ጥበቃ ላይ አረፈ። ቡልቻ ይባላል። ከዚያው ከቂሊንጦ በኩል ከነበሩት የገበሬ መንደሮች የመጣ፣ ከእሷ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። አንድ ቀን በቀትር ሄዳ መጋዘኑ በር ላይ አገኘችው።

«ጋሽ ቡልቻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ማታ ማታ ግቢያችን ይገባሉ?»

ቡልቻ የያዘውን ዱላ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«እኔ የሰው ግቢ የምገባው ሲጠሩኝ ነው» አላት። «አንቺ ጠርተሽኝ አታውቂም።»

«አይቀየሙኝ። ካሜራው ላይ ሰው አይቼ ነው።»

«ካሜራሽ እኔን ካሳየሽ አምጪና አሳዪኝ። ካላሳየሽ ግን ከእኔ በፊት ቤትሽን ጠይቂ።»

ይህ ንግግሩ ድፍረት መሰላት። ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች። ለባሏ ስትነግረው ገብረጻድቅ «ሽማግሌውን ያለ ነገር አስቀየምሽው» ብሎ ተነስቶ ወጣ።

ፊት ያስፈልጋታል። ቅርጽ ሳይሆን ፊት። በማግስቱ ብቻዋን መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ወጣች። እዚያ ካሜራ የምትሸጥና ራሷ እየሄደች የምትገጥም ልዕልት የምትባል ሴት አለች ብለው ነግረዋት ነበር። ልዕልት ሱቋ ውስጥ በገመድ ተከባ ተቀምጣለች። ስለ ዕቃዎቿ ከመናገሯ በፊት ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ምን ማየት ነው የሚፈልጉት? ሰው መግባቱን ነው ወይስ የገባው ማን መሆኑን?»

«ልዩነት አለው እንዴ?»

«በጣም አለው። ሰው መግባቱን ለማየት የትኛውም ካሜራ ይበቃል። ማን መሆኑን ለማየት ግን ፊት ያስፈልጋል፣ ፊት ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል።»

አቻምየለሽ ስለ ነጩ ጉም ነገረቻት። ልዕልት ጉዳዩን ሰምታ ሳታበቃ አንገቷን ነቀነቀች።

«ቆርቆሮ አጠገብ ተሰቅሏል አይደል? ካሜራው በጨለማ የሚያየው በዓይናችን የማይታይ ብርሃን ራሱ እየረጨ ነው። ብርሃኑ ቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ተመልሶ ራሱን ያሳውረዋል። መስታወት በፀሐይ እያበሩብዎት ሰው ይለዩ ቢሉዎት ማለት ነው። ማነው እዚያ የሰቀለው?»

«ባለቤቴ ነው የመረጠው።»

ልዕልት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቃሊቲ መጣች። የመኪና መግቢያውን ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ታች ተመለሰች። አሮጌው ካሜራ ከጣሪያ ወርዶ ያመጣችው አዲሱ በብሎኬቱ ግንብ ላይ፣ ከሰው ራስ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ እንዲሰቀል፣ ፊቱንም ከቆርቆሮው አዙሮ ወደ መሀል እንዲያይ ወሰነች። ከላይ የሚያይ ካሜራ የሚያሳየው ባርኔጣና ጠጉር ነው አለች። ከዚያም የሚያልፍ ሰው ሲኖር በራሱ የሚበራ ነጭ መብራት አወጣች። ካሜራው በዚያ መብራት በቀለም ይቀዳል። መብራት ኃይል ሲያጠፋም ለጥቂት ሰዓት የሚያቆየው ባትሪ አለው።

ገብረጻድቅ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ ቀረበ።

«መብራቱ ይቅር» አለ። «ጎረቤት ይረብሻል።»

«ጎረቤታችን መጋዘን ነው» አለች አቻምየለሽ።

«እንግዲያው ካሜራው ውጭ በሩን ብቻ ይይ። መኪናዋ ጋ ምን ያደርጋል?»

«የተሰረቅኩት መኪናዋ ጋ ነው።»

«መብራት ሲበራ ሲጠፋ አንቺ ራስሽ አትተኚም።»

«አሁን ተኝቻለሁ እንዴ?»

ልዕልት አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። «ጋሼ፣ ያለ መብራት ከሆነ የድሮው ይበቃችኋል፤ እኔም ገንዘባችሁን አልወስድም» አለች። ገብረጻድቅ ክርክሩን ተወ። ልዕልት ገመዱን ስትዘረጋ ግን መሰላል የያዘላት እሱ ነው።

ይህ የሆነው ረቡዕ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አቻምየለሽ ጓሮ ውስጥ ማሽኗ ላይ ናት። አንድ ፋብሪካ ቱታ አስቸኩሏት ነበርና ከሰዓት ጀምሮ ማሽኑን እየነዳችው ነው። በመስኮቱ በኩል የመሸውን ግቢ ነጭ ብርሃን በድንገት ሲመታው አየች። እግሯን ከማሽኑ አነሳች።  ወደ ውጭ አልወጣችም፤ ወደ ሳሎን ሄዳ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

መጀመሪያ ያየችው የባሏን ፊት ነው። አረንጓዴ ሹራቡን ለብሷል። የውጭ በሩን አንዱን ክፋይ በእጁ ይዞታል። ከእሱ አጠገብ፣ ትከሻዋ ትከሻውን እየነካ፣ ነጠላ የተከናነበችና ዘንቢል የያዘች አሮጊት ቆማለች። መብራቱ አስደንግጧት ዓይኗን ጨፍናለች። ምስሉ ከመጥራቱ የተነሳ ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው መስቀል ይታያል። ሁለቱ ተጠጋግተው ሲራመዱ አቻምየለሽ ጉሙ ውስጥ ያየችው ያ ሰፊ ትከሻ ምን እንደነበር ገባት።

ገብረጻድቅ ቀና ብሎ በቀጥታ ካሜራውን አየ። አልሸሸም። በሩን ዘግቶ ሴትዮዋን በክንዷ ደግፎ ወደ ጥላው መራት።

አቻምየለሽ ወጣች። ስትደርስ አሮጊቷ ዘንቢሏን ከመሬት እያነሳች ነው፤ ለመሄድ።

«ልሂድ ጌታዬ፣ አስቸገርኩዎ» ትላለች ለገብረጻድቅ። «እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ምንም አልነካሁም።»

«ማን ናቸው?» አለች አቻምየለሽ፣ ባሏን እያየች።

«በላይነሽ ይባላሉ» አላት። «ከጎጃም ነው የሚመጡት። ልጃቸው እዚህ ታስሯል። ቅዳሜ ጠዋት ሊጠይቁት ዓርብ ማታ ይደርሳሉ። ኅዳር ውስጥ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ካሉት ኪዮስኮች ጋ አግዳሚ ላይ ተኝተው ዘበኛ ሲያስነሳቸው አየሁ። ዝናብም ነበር። ሲመጡ እዚህ ያድራሉ።»

«ከቪትዟ ጀርባ?»

«ቤት እንዲገቡ ለምኛቸው እምቢ አሉ። እኔም በልቤ እምቢ እንዲሉ እፈልግ ነበር።»

 ስትፈራ የከረመችው፣ ጥበቃውን ያስቀየመችው፣ ሁለት ካሜራ የገዛችው ለዚህ ነው። ንዴቷ ሴትዮዋ ላይ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እንዲያውም ዓይኗን ከካርቶኑ ላይ መንቀል አልቻለችም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታስገቢያቸው ነበር? በዚህ ጊዜ? የታሳሪ ቤተሰብ?»

ይህን ጥያቄ በረጋ ድምፅ ነው የጠየቃት። አቻምየለሽ ዋሽታ «አዎ» ልትለው ትችል ነበር።

«ላላስገባቸው እችል ነበር» አለችው። «ግን እምቢ የምለው እኔ ነበርኩ። አንተ ቀድመህ እምቢ አልክልኝ። ወሩን ሙሉ ስንከራተት እያየህ ‹ጉም ነው› አልከኝ።»

ገብረጻድቅ አንገቱን ደፋ። «ዛሬ ከበር ልመልሳቸው ነበር። ካሜራውን እያየሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቶቡሱ ዘግይቶባቸው ደክመው ሲመጡ አቃተኝ። እንግዲህ ትየኝ ብዬ ከፈትኩ።»

መብራቱ የሚቆይበት ጊዜ አልቆ ጠፋ። ሦስቱም ጨለማ ውስጥ ቀሩ። በላይነሽ ስትንቀሳቀስ መልሶ በራ፤ አሮጊቷ እንደገና ደነገጠች። አቻምየለሽ ያኔ ዘንቢሉን ከእጇ ወሰደችው።

«ይግቡ» አለቻት። «እዚህ ከቆምን ሲበራ ሲጠፋ ያድራል።»

የስፌት ክፍሉ ውስጥ የጨርቅ ጥቅሎቹን ወደ ጥግ ገፍታ ፍራሽ አነጠፈችላት። በላይነሽ ዘንቢሏን ከፍታ ያመጣችውን አሳየቻት። በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ሹራብ፣ ለልጇ መንገድ ላይ የገዛችለት ብርቱካን። ስለ ክሱ ብዙ አታውቅም። ቀጠሮው ይተላለፋል፣ ይተላለፋል ብቻ ነው የምትለው። አቻምየለሽ ሌላ አልጠየቀቻትም። ሰውነቷ ግን አልረጋም። እንግዳዋን ካስተኛች በኋላ በሩን ደጋግማ አየች፤ አንድ ሰው ቢመጣና ይቺ ሴት ማን ናት ቢላት ምን እንደምትመልስ እያሰበች በሳሎንና በመኝታ ቤት መሀል ተመላለሰች። ባሏን ሳታናግረው ተኛች። ከዚያም በኋላ ለብዙ ቀን ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችውም።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ቡልቻ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ጋሽ ቡልቻ፣ ያውቁ ነበር አይደል?»

«ባልሽ በር ሲከፍት አያለሁ። ጥበቃ ነኝ፣ ማየት ሥራዬ ነው።»

«በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

 «ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። «ግን ያንን ጥያቄ ቶሎ አልረሳውም።» አቻምየለሽ ተገቢ ነው አለች። የመብራቱ ብርሃን ያስቸግረው እንደሆነ ስትጠይቀው፣ እንዲያውም አጥሩ በዚያ በኩል ስለሚታይለት እንደጠቀመው ነገራት። ስፖኪዮዎቹን የወሰደው ማን እንደሆነ ግን እሱም አላየም፤ እስከ ዛሬም አልታወቀም።

በላይነሽ ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ትመጣ ነበር። በር ላይ ቆማ መብራቱ ሲበራ ፊቷን ወደ ካሜራው ታቀናለች፤ ይህን ያስተማራት ማንም የለም። አቻምየለሽም ከቴሌቪዥኑ ላይ አይታ ትከፍትላታለች። ፍርሃቷ ለቀቃት ማለት አይደለም። መንገድ ላይ ፖሊስ ባየች ቁጥር እርምጃዋን ታፈጥናለች። እንግዳዋ በቀረችባቸው ዓርቦች ደግሞ፣ ታመመች ወይስ ልጁ ተዛወረ እያለች ማሽኑን እየተወች ወደ ሳሎን ትመላለሳለች። ገብረጻድቅ አንድ ጊዜ «አሁን ደግሞ ባለመምጣታቸው ነው የማትቀመጪው?» አላት። ያኔ ነው ከብዙ ጊዜ በኋላ አብረው የሳቁት።

በ2010 ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ እስረኞች በብዛት ይፈቱ በነበሩባቸው ወራት፣ በላይነሽ በጠራራ ፀሐይ መጣች። አንድ ቀጭን ጎልማሳ አብሯት ነበር። ልጇ ነው። አቻምየለሽ በሩን ከፍታ ግቡ ስትላቸው እናትየዋ ገባች፤ ልጁ ግን ደፉ ላይ ቆመ። ዓይኑ ግንቡ ላይ ነው።

«ይሄ ይቀርጻል?» አለ።

«ይቀርጻል» አለችው አቻምየለሽ።

ወደ ውስጥ አልተራመደም። ሰድቦ ወይም ተቆጥቶ አይደለም፤ እግሩ ብቻ እምቢ አለው። አቻምየለሽ ሮጣ ሳሎን ገባችና የመቅጃውን ሳጥን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ተመልሳ መጥታ «ጠፍቷል» አለችው። ልጁ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ገባ።

ምሳ ሲበሉ ብዙ አልተነጋገሩም። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የተቀመጠው። ከጎረሰ በኋላ ሁሉ ወደ በሩ ያያል። አቻምየለሽ ይህን ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ራሷ አንድ ቦታ ተቀምጣ ቆየች፤ ብትነሳ የሚደነግጥ መሰላት። ከሰዓት ገብረጻድቅ እስከ ታክሲው ሸኛቸው።

ሲመለስ ገመዱ መሬት ላይ እንደተንጋለለ አየና «ልሰካው?» አላት።

«ነገ እሰካዋለሁ» አለችው፣ ወደ ስፌት ክፍሏ እየሄደች።